እርጥብ ጆንያ የለበሱ ሸክላዎች

የእጅ ሙያ ማህበራችን ሕግ አጭር ነው፤ የራስሽን ሙያ ሳታሳዪ የሰው ሙያ አትማሪም። እኔ ስፌት አሳየሁ። ሽማግሌው ሸማኔያችን መወርወሪያ እንዴት እንደሚላክ አሳዩን፤ ስንሞክረው ክሩን ብናወሳስብባቸው፣ «እናንተ ልጆች፣ ጋቢ ነው ያልኳችሁ፣ የዓሣ መረብ አላልኩም» ብለው ሳቁብን። ሰሌን ሠሪዋ፣ የማህበሩ አፈኛ፣ ዘንባባ እያራሱ መጎንጎን አስተማረችን። የቀረችው ሸክላ ሠሪዋ ነበረች። በዕድሜ ስለምትበልጠን እትዬ ነው የምንላት።

በእትዬ ቤት ሸክላ ከእናት ወደ ሴት ልጅ ይሄዳል እንጂ ወደ ጎረቤት አይሄድም። ታላቅ እህቷ ከመንደራቸው ወደ ከሚሴ ብቅ ባለች ቁጥር «የእናታችንን እጅ ልትበትኚው ነው» እያለች ትጨቀጭቃት ነበር። ስትጨቀጭቅ ስትጨቀጭቅ በመጨረሻ ተስማሙ። ስምምነቱ ግን ለእኛ እንቅልፍ የሚነሳ ነው። እኛ የሠራነው ከእህትማማቾቹ ሸክላ ጋር በአንድ እሳት ይተኮሳል፤ እህትየዋም ቆማ ታያለች። በእኛ ጥፋት የእነሱ ዕቃ ከተሰበረ እትዬ ማህበሩን ትታ መንደሯ ትገባለች። ቃሏን ሰጥታለች፤ እሷ ደግሞ ቃሏን የምታጥፍ ሴት አይደለችም።

የእነሱ ሸክላና የእኛ ጉድ በማህበሩ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ሲደርቅ ሰነበተ። የእኔ ድስት ሰው የጠራው ይመስል ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሏል። ቢሆንም እወደው ነበር።

የሚተኮስበት ቀን እህትየዋ አህዮቿን እየነዳች በጠዋት ደረሰች። ማግስቱ የሰንበቴ ገበያ ስለሆነ የሚወጣውን ሸክላ ጭና ልትሄድ ነው። «አካም ቡልቴ» ብለን እንዴት አደርሽ ስንላት «ነጋያ» ብላ አለፈችንና በቀጥታ ወደ ሸክላዎቹ ሄደች። አንድ ድስት አንስታ ጉንጯ ላይ አስጠጋችው። እጅ ሻካራ ስለሆነ አይታመንም፤ ጉንጭ ግን ያልደረቀ ሸክላን በቅዝቃዜው ያውቀዋል። አስቀመጠችው፤ ሌላ አነሳች፤ ሌላ። ፊቷ ጠቆረ።

«እነዚህ ሌሊቱን ውሃ ሲጠጡ ነው እንዴ ያደሩት?»

እትዬም አንዱን ጉንጯ ላይ አድርጋ መልሳ አስቀመጠችው። ሁላችንም ተያየን። ሰሌን ሠሪዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ትናንት ቆርቆሮው እንደ እሳት ሲግል ይሰነጠቃሉ ብዬ እርጥብ ጆንያ አልብሼ አሳደርኳቸው፤ ዛሬ ጠዋት ነው ያነሳሁላቸው። ወላሂ ለደግ ብዬ ነው!»

እውነቷን ነው። ዘንባባ ከደረቀ እጅ ላይ ይሰበራል፤ ለእሷ ድርቀት ማለት ጥፋት ነው። ማታ ማታ ዘንባባዋን እንደምታለብሰው ሸክላውንም አለበሰችው። እርጥብ ሸክላ እሳት ሲነካው ግን ይፈነዳል፤ ሲፈነዳም ብቻውን አይሞትም፣ ስባሪው ጎረቤቱን ይዞ ይሄዳል።

«እንግዲያስ ለሌላ ቀን እናድርገዋ» አሉ ሸማኔው።

«አይሆንም አባባ። ነገ ገበያተኛ ይጠብቀኛል። ወይ ዛሬ ይተኮሳል፣ ወይ ዕቃዬንም እህቴንም ጭኜ እሄዳለሁ።» ከዚያ ወደ እትዬ ዞረች። «ለማን ብለሽ ነው ደግሞ? እስከ ትናንት ከእጃችን ዕቃ ሲቀበሉ በጣታቸው ጫፍ ነበር። በሰርጋቸው ጠርተውን ያውቃሉ? ዛሬ እጅሽ አማራቸው!»

ማናችንም ቀና አላልንም። ውሸት ቢሆን እኮ እንመልስላት ነበር።

«ዲሲ፣ ተዪ» አለቻት እትዬ። «ቢስሚላሂ። እንጨት አምጡ።»

ትንሽ እሳት አንድዳ ሸክላዎቹን ራቅ አድርጋ በዙሪያው ደረደረቻቸው። በሩቁ እየሞቁ እንዲደርቁ ነው። እኛ ሥራችን ማዞር ሆነ። አንዱ ጎን ሲሞቅ ሌላውን ጎን፤ ቶሎ ከተጠጋ ይፈነዳል፣ ከራቀ አይደርቅም። ጊዜም የለንም። ከዙሁር ሶላት በኋላ ከቆላው በኩል ነፋስ ይነሳል፤ ነፋስ የመታው እሳት ደግሞ አንዱን ጎን አሳርሮ ሌላውን ጥሬ ይተዋል። ሸማኔው ሳይቀሩ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ያዞራሉ። ሰሌን ሠሪዋ ትንፍሽ አትልም። ከእሷ ዝምታ ይልቅ ለቅሶ ይሻለኛል ብዬ፣

«አልቅሺ እንጂ ይውጣልሽ» አልኳት።

«ባለቅስ ደግሞ እንባዬ ያርሰዋል ብዬ ነው» አለች። ሳቄን ዋጥኩት፤ እህትየዋ እያየችን ነበር።

ዙሁር ሲቃረብ እትዬ እያንዳንዱን በጉንጯ ፈተነች። ሁሉም ደርቋል። የእህትየዋ ትልቁ እንስራ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች።

«ታቹ ይቀዘቅዛል። ይሄ ይቅር።»

«እሱ ከቀረ ምን ይዤ ልሄድ ነው? የገበያዬ ዓይን እሱ ነው። ይግባ!»

«ይቅር እልሻለሁ።»

«ይግባ አልኩ!»

ታላቅ ናት፤ ገባ። ሁሉንም አንድ ላይ ከምረን ኩበትና ሣር አለበስናቸው፣ ለኮስነው። እሳቱ ተያያዘ። ከመንገዱ ባጃጅ ጡሩንባ ሲያሰማ እንኳ እንደነግጥ ነበር። ሸማኔው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ላይ ናቸው። እኔ ያ ረቢ፣ የእኔ ድስት ይሰበር፣ የእነሱን ግን ተውልን እላለሁ።

ጧ! አለ።

ሌላ ድምፅ ጠበቅን፤ አልመጣም። እሳቱ ከስሞ አመዱን ስንገልጠው የእንስራው ታች ተፈንቅሎ ወጥቷል፤ አጠገቡ የነበረ አንድ የእትዬ ድስትም ተሰንጥቋል። የቀረው ቀይ ሆኖ ደህና ወጥቷል፣ የእኔም ዘንባላ ድስት።

«ሰማሽ?» አለች እህትየዋ። «ቃልሽን አስታውሺ። ዕቃሽን ሰብስቢ።»

እትዬ የእንስራውን ስባሪ በእንጨት ገፋ አደረገችው።

«ቃሌ በእነሱ ጥፋት ዕቃ ከተሰበረ የሚል ነበር» አለች። «ማራሱ የእነሱ ጥፋት ነው። አልካድኩም። ይቅር ስልሽ ይግባ ያልሽው ግን አንቺ ነሽ። ይሄን እናታችን ብትሰማ ለማን ትፈርድ ነበር?»

እህትየዋ ደህናዎቹን እያነሳች በሣር እየጠቀለለች ጫነች። ላግዝሽ ብዬ እጄን ብዘረጋ አለፈችኝ። ገመዱን አጥብቃ ስታበቃ ጀርባዋን እንደሰጠችን፣

«ሰኞ አፈር ልትቆፍሪ ስትመጪ ብቻሽን ነይ» አለች።

ዕቃሽን ሰብስቢ ማለቱን ትታዋለች። የሸክላው አፈር ግን ያለው እዚያው መንደራቸው ነው፤ ከቤተሰቡ በቀር ቦታውን የረገጠ ሰው የለም።

«ብቻዬን አልመጣም» አለች እትዬ።

እህትየዋ ሳትዞር፣ ደህና ዋሉም ሳትል አህዮቿን ነዳች። ነፋሱ ተነስቶ አመዱን ፊታችን ላይ ይበትነው ጀምሯል። እትዬ እህቷ ከመንገዱ መታጠፊያ እስክትሰወር በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና አየቻት።

«ሰኞ» አለችን፣ ፊቷን ሳትመልስ፣ «ዶማ ያለው ዶማ ይዞ ይምጣ።»