እያደር የሚያዘነብል ቤት

ቁሐር ሚካኤል በሚባለው ገጠር ያለው የአባቴ ቤት የኋላ ግድግዳው የተናደው በክረምቱ ማብቂያ ላይ ነው። ጎርፉ የሩዝ ማሳውን አልፎ ግቢያችን ገብቶ ሰነበተና ጭቃውን ከሥሩ በልቶ ጣለው። እናቴ ካረፉ ወዲህ አባቴ ብቻቸውን ነበሩ። እኔ ወረታ ከተማ አስተምራለሁ፤ እኔ ዘንድ ይምጡ ብላቸው "ከብቱን ለማን ጥዬ?" አሉኝ። ስለዚህ ጭቃ የሌለበት ቤት ልሠራላቸው ወሰንኩ። ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ ጎን ለጎን ቆሞ ራሱ ግድግዳ ይሆናል፤ ግንድ ደግሞ ውኃ አይንደውም ብዬ አሰብኩ። በዚያ ዓመት እርግጠኛ የነበርኩበት ነገር ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ያገኘሁት አናጢ የአንበሳሜ ሰው ነው። ዕድሜው ከእኔ ጋር ይቀራረባል፤ ሲናገር ረጋ ይላል፤ እጁ ግን ፈጣን ነው። ሩዙ ታጭዶ መሬቱ ሲደርቅ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ጉድጓድ ቆፍረን የአራቱን ማዕዘን ግንዶች ተከልን። ቱምቢውን አንጠልጥሎ እያንዳንዱን በየጎኑ አየው። ቀጥ ብለው ነበር። እኔም በዓይኔ አይቻለሁ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ስመጣ የምሥራቁ ማዕዘን አዘንብሏል።

"ላም ታክካበት ይሆናል" አለ አናጢው። አቃናነውና በድጋፍ እንጨት ወጠርነው። በቀጣዩ ቅዳሜ እንደገና አዘንብሎ ጠበቀኝ፤ አሁን ግን ወደ ሌላው ጎን። "እርጥብ እንጨት ነው የሸጡልህ፤ ሲደርቅ ተጣመመ" አለኝ። በደረቅ ግንድ ለወጥነው። ደረቁም አዘነበለ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው "ዋልካ ነው ልጆቼ፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ያብጣል" አሉን። እውነታቸውን ነው፤ ግን የቀሩት ሦስት ማዕዘኖችም የቆሙት እዚያው ዋልካ ላይ ነበር። ላሟን ልክሰስ፣ እንጨቱን፣ መሬቱን? ክፍል ገብቼ ስጽፍ ጥቁር ሰሌዳው ራሱ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ እየመሰለኝ ሁለቴ ሦስቴ ወደ ኋላ ሄጄ አይቼዋለሁ።

አባቴ በዚህ ሁሉ ጊዜ በትራቸውን ይዘው ግቢውን ይዞራሉ፤ ይቆማሉ፤ መሬቱን ወጋ ወጋ ያደርጋሉ፤ ደግሞ ይሄዳሉ። ቤቱን የጠሉት መሰለኝ። ልጠይቃቸውም ፈራሁ።

እንደምንም ግድግዳውን ጨርሰን ቆርቆሮውን አለበስነው። መጋቢት ላይ ያልታሰበ ዝናብ ጣለ። በማግሥቱ ስንደርስ የምሥራቁ ማዕዘን ስምጥ ብሎ የጣሪያውን እንጨት ከምስማሩ አላቅቆታል። አናጢው መዶሻውን መሬት ላይ አስቀምጦ ግንድ ላይ ተቀመጠ።

"መምህር፣ ስንት ዓመት ቤት ሠራሁ። ሁሉንም የሠራሁት ድንጋያማ ጭንጫ ላይ ነው። ይህን መሬት አላውቀውም። ሳላውቀው ከዚህ በላይ ምስማር ብመታበት አንተን ማታለል ነው።"

"ታዲያ ማን ያውቀዋል?" አልኩት። ልቆጣው ይሁን ላመሰግነው መለየት አቃተኝ።

ይህን ጊዜ አባቴ ከኋላችን "እዚህ ጉድጓድ ነበረ" አሉ።

"የምን ጉድጓድ?"

"የውኃ ነዋ። ከብት የምናጠጣበት። ከአባቴ ጋር ሆነን የደፈንነው።"

"እስከ ዛሬ ታዲያ ለምን አልነገሩንም?"

"ስፈልገው ነበራ! ቦታው ጠፋብኝ።"

ደስ አለኝ። ነገሩ ተገለጠ ብዬ የማዕዘኑን ግንድ ነቅለን እስከ ደረታችን ቆፈርን። ያልተነካ ጥቁር አፈር ነው፤ የተደፈነ ነገር ምልክት የለውም። "እንግዲያው በበሩ በኩል ነው" አሉ አባቴ። በበሩ በኩልም ቆፈርን፤ የለም። ትንሽ አሰቡና ከብቶቹ የሚታሰሩበትን አሳዩን። እዚያም ስንቆፍር ቆየን። ላብ በላብ ሆኜ ከጉድጓዱ ስወጣ አባቴ እጅጌዬን ያዙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

"አባትህ ያውቃል፤ እሱን ጠይቀው" አሉኝ።

ፊታቸውን እያየሁ ቆምኩ። እየቀለዱ እንዳልሆነ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ልጃቸው መሆኔ ጠፍቶባቸዋል። አናጢው አካፋውን አንሥቶ አፈሩን ወደ ጉድጓዱ ይመልስ ጀመር።

ከዚያ ወዲያ መፈለጉን ተውን። ቤቱን ግንድ በግንድ ፈትተን ወደ ግቢው ምዕራብ ጎን አዛወርነው። ከጣራ ገዳም በታች ካለው አገር ድንጋይ በጭነት መኪና አስመጣንና እስከ ጉልበት የሚደርስ መሠረት ደለደልን። አናጢው ግንዶቹን መሬት ውስጥ አልቀበራቸውም፤ በድንጋዩ ላይ ወፍራም ግንድ አጋድሞ በእሱ ላይ አቆማቸው። ሰኔ ሳይገባ ጨረስን። ይኸው ቆሟል። ክረምት ክረምት በሩ ያብጥና አልዘጋ ይላል፤ በበጋ ደግሞ በስንጥቁ ንፋስ ይገባል። የመጀመሪያውን ምን እንዳዘነበለው እስካሁን አላውቅም። ጉድጓዱ ይኑር አይኑር፣ ኖሮም እንደሆነ የት እንደነበረ የሚነግረኝ ሰው የለም።

ቤቱ ባለቀ ቀን አባቴ ከብቶቹን አስገብተው መጡ። አናጢው ውስጥ ሆኖ የመስኮቱን መዝጊያ ያስተካክላል፤ እኔም መዝጊያውን ደግፌ ይዤለታለሁ። አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሙና "ቤቶች!" ብለው ተጣሩ።

"አባባ፣ የእርስዎ ቤት እኮ ነው" ልል አፌን ከፈትኩ። የማስደነግጣቸው መስሎኝ መልሼ ዘጋሁት። አናጢው ወደ እኔ አየና መሮውን አስቀምጦ ወደ በሩ ሄደ።

"ይግቡ አባቴ፣ ይግቡ" አላቸው፣ ጎንበስ ብሎ።

ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። እንደ እንግዳ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጠው አጠገባቸው ያለውን ግንድ በመዳፋቸው ዳበሱት።

"ደግ ቤት ነው። ባለቤቱን ይባርከው" አሉ።

እኔም "አሜን" አልኩ።