ቀይ ሆኖ የሚመልሰው ሰርቨር

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከደጄ ውጭ «አስማረ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዳባት በጉም ተውጣለች፤ የአጥሬ በር እንኳ አይታይም። ልነሳ ስል ጉልበቴ እንደ ልማዱ ቀድሞኝ እምቢ አለ፤ እኔም ሰበብ አገኘሁና ዝም አልኩ። በጉም ቀን በመጀመሪያው ጥሪ አለመመለስን የተማርኩት ከጓደኛዬ ከታደለ ነው። ትምህርቱ በደንብ የገባኝ ግን በሰርቨር በኩል ነው።

ያኔ ሠላሳዎቹን አጋምሼ ጎረምሳ ነኝ የምልበት ዘመን ነበር። ፂሜ ባይሞላም ኩራቴ ሞልቶ ይፈስ ነበር። እኔና ታደለ እዚሁ ዳባት በአንዲት ትንሽ የአስጎብኚዎች ቢሮ ድረ ገጽ እንሠራለን። የስሜን ተራሮች ጥበቃዎች በሬዲዮ የሚያገኙት የእኛን ቢሮ ብቻ ነበር። ሬዲዮውን የሚይዙት እትዬ ዘነቡ የሰሙትን ይነግሩናል፤ እኛ «መንገዱ ክፍት ነው» ወይም «ዝግ ነው» ብለን ገጹ ላይ እንለጥፋለን። ደባርቅ ያደረ ሾፌር ገጹን ሳያይ ወደ ስሜን አይወጣም።

ሰርቨር የምንለው ጥሪ እየጠበቀ፣ ለጠየቀው ሁሉ ገጹን የሚያቀርብ ፕሮግራም ነው። ኮድ በምንጽፍበት መስኮት ግርጌ ስሙ ይታያል። አጠገቡ ያለችው ነጥብ አረንጓዴ ከሆነች እየሠራ ነው፤ ቀይ ከሆነች ቆሟል። ጽሑፍ ለመቀየር እዚያው መስኮት ላይ አቁሞ፣ አርሞ፣ እንደገና ማስነሳት ነው። ሥራዬ ይኸው ነበር፤ እናቴ ግን ለጎረቤት «ኮምፒዩተር የሚያዝ ልጅ» እያለች ታወራልኝ ነበር።

ክረምቱ ወጣሁ ብሎ በመስከረም ተመልሶ የገባበት ሰሞን ነው። ታደለ እናቱን ሊጠይቅ ተራራው ላይ ወዳለው የትውልድ መንደሩ አምቢኮ ሄዷል። ከመሄዱ በፊት ሰርቨሩን ነካክቶ አስነሳውና ከገጹ ግርጌ «አለሁ፤ ታደለ» የሚል ቃል ጨመረበት። ቀልዱ ነው ብዬ ተውኩት። ይመለሳል ባልነው ሰሞን አንድ ጠዋት፣ ጉሙ ቢሮው ድረስ ገብቶ፣ ትኩስ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ እየበላን ሳለ ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ።

«ከአምባራስ ወዲህ መንገዱ ተንዶ ገደል ገብቷል። መኪና እንዳይወጣ!» አለ ጥበቃው።

«ታደለስ?» አሉ እትዬ ዘነቡ።

«ሲነጋ ከአምቢኮ መጥቶ በእግሩ ወደዚያው ሲያልፍ ታይቷል። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም።»

ስልክ የተባለ ሁሉ ከዋዜማው ጀምሮ ጠፍቷል፤ ኢንተርኔቱ በሌላ መስመር ስለሚመጣ አልተነካም። ደባርቅ ላይ እንየው የሚባል ሾፌር እንግዶች ሊያወጣ ቁርስ እየበላ እንደሆነ እናውቃለን። በዚያ ጉም ከዳባት ተነስቶ የሚደርስበት መኪና የለም። ያለን ገጹ ብቻ ነው።

ጽሑፉን አርሜ ወደ ግርጌው ወረድኩ። ነጥቧ ቀይ ናት። ሰርቨሩ ቆሟል ማለት ነው፤ ስለዚህ «አቁም» የሚለው ቁልፍ ደብዝዞ አይጫንም። «አስነሳ» አልኩት። «በሩ ተይዟል» አለኝ፤ ጥሪ በሚገባበት በር ላይ ሌላ ፕሮግራም ተቀምጧል ማለቱ ነው።

በማን?

ገጹን ከፈትኩት። ነጭ ባዶ ነው። ደግሜ ተጫንኩ። «መንገዱ ክፍት ነው። አለሁ፤ ታደለ።»

ወደ ሌላው ኮምፒዩተር ሮጥኩ። መጀመሪያ እንደ ጉሙ ነጭ፣ ቀጥሎ «አለሁ»። ያኔ ፀጉር ነበረኝና ቆመ።

«የቆመ ነገር እንዴት ይመልሳል?» አልኩ።

«በስመ አብ! ታደለ ምን ሆኖ ነው?» አሉ እትዬ ዘነቡ።

ባዶውን ገጽ ሳይ ታደለ ራሱ ፊቴ ድቅን አለ። በጉም ቀን ስሙ ሲጠራ በመጀመሪያው መልሶ አያውቅም። «በእኛ በአምቢኮ፣ በጉም ውስጥ አንዴ የሚጠራህ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ሰው ከሆነ ይደግመዋል» ይለን ነበር፤ እኛም እንስቅበት ነበር። ኮዱን ስከፍት ለካ፣ አዲስ ጠሪ ሲመጣ መጀመሪያ ዝም እንዲል፣ ሲደግም እንዲመልስ ሰርቨሩንም ይህንኑ ሥርዓት አስተምሮታል! መስኮቱ ደግሞ ሲያስነሳው አንዴ ብቻ ጠርቶ መልስ አጣና ሞቷል ብሎ ቀይ ቀባው። ሾፌሮቹ ደካማ መስመር ስለለመዱ ሁሉን ነገር ሁለቴ ይጫናሉ፤ ማንም አላጉረመረመም።

ሰርቨሩ በሕይወት አለ። ከመስኮቱ ወጥቼ በእጄ መግደል ነበረብኝ፤ በእኛ ሙያ «መግደል» ነው የሚባለው። እትዬ ዘነቡ ክንዴን ያዙኝ።

«አስማረ፣ ተው! ልጁ የት እንደወደቀ ሳናውቅ፣ አለሁ የሚለውን ልታጠፋ ነው?»

«እትዬ፣ ፕሮግራም እኮ ነው።»

«ታዲያ እስካሁን ለምን አልተጫንከውም?»

እንየው ግን ቁርሱን እየጨረሰ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ተጫንኩ። የታደለን ሥርዓት ከኮዱ አውጥቼ አዲሱን አስነሳሁ። አረንጓዴ። «መንገዱ ዝግ ነው።» ከግርጌው ምንም የለም። ቀኑን ሙሉ እትዬ ዘነቡ ከሬዲዮው አልተለዩም፤ የተረፈውን ድንችም የነካው የለም።

በማግስቱ እንየው እንግዶቹን ከመኪና አውርዶ ወደ ክፍላቸው እንደመለሰ ሰማን። የታደለ ወሬ ግን የለም። ወደ ማታ ላይ፣ ጉሙ ሳይገፈፍ፣ አንድ ጥላ ከቢሮው ደጅ መጥቶ ቆመ።

«ታደለ!» ብዬ ጮህኩ።

ዝም። እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። መድገም እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ግን ባይመልስስ?

«ታ... ደለ?»

«አለሁ» አለ። «ድንች አስቀርታችሁልኛል?»

ናዳውን በላይ በኩል ዞሮ፣ ጭቃ ለብሶ መጥቷል። እትዬ ዘነቡ መጀመሪያ በጥፊ መቱት፣ ከዚያ አቅፈው አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም፤ ዓይኔ ውስጥ ሚጥሚጣ ገብቶ ነበር።

ታደለን የቀበርነው ባለፈው ክረምት ነው። በእኔም ላይ ቤተሰቡ ቀይ ነጥብ ካደረገብኝ ቆየ፤ ከሳሎን አንዴ ይጠሩኝና ካልመለስኩ «ተኝቷል፣ ተዉት» ብለው ወሬያቸውን ይቀጥላሉ። ብዙ ሰው ቀይ ሆኖ የሚቀረው ሁለተኛ የሚጠራው አጥቶ ይመስለኛል።

የቅድሙ ጠሪ የሰፈራችን በግ ሻጭ ሊሆን ይችላል። እኔም ጆሮዬ እንደ ጉልበቴ ሆኗል። ድምፁ ግን የታደለን ይመስላል። ሰው ከሆነ ይደግመዋል ብዬ ብዕር አንስቼ መጠበቅ ጀመርኩ፤ ይኸው ጽሑፉም አለቀ።

እስካሁን አልደገመም።