ከድሬዳዋ በባቡር የመጣችው ኦርጋን
የድሬዳዋው የሚስዮን ጸሎት ቤት በደርግ ጊዜ ሲወረስ፣ የባቡር መካኒኩ አትክልት ነፋስ በቧንቧዎቿ ሲያልፍ የምትዘምረውን ትንሿን ባለቧንቧ ኦርጋን ፈታትቶ በጭነት ባቡር አዋሽ አደረሳትና መልሶ ገጠማት። የአዋሹ ጸሎት ቤት ሰፊ ነበርና ድምጿ አልሞላው አለ። ቆርቆሮ ሠሪው ከድሩ ስድስት ረጃጅም ቧንቧዎች ሠርቶ ጨመረላት።

አትክልት ግን እረፍት አጣ። ጧት ያስተካከለው ድምፅ በቀትር ሐሩር ይዛባበታል። “ይህንንም ቤት ይወርሱት ይሆን?” እያለ ደግሞ በር በሩን ያያል።

“ወላሂ ቧንቧው ደህና ነው፤ ሙቀቱ ነው። አረፍ በልና ምታት እንጂ ወንድሜ!” አለው ከድሩ።

አትክልት ተቀምጦ መታት። አዲሶቹ ቧንቧዎች ሲያጓሩ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ ከድሩ በደስታ አጨበጨበ። አትክልት መዝሙሩን ሳይጨርስ ብድግ አለ።

“የአንዷ ቧንቧ ድምፅ አሁንም ከፍ ይላል። መሰላሉን አቀብለኝ።”