የለወጥኩት ካሴት

ባለፈው ጁምዓ ሙስካት፣ አል ኹድ ባለው ቤታችን የሳሎኑ ኤሲ ተበላሽቶ፣ የልጄ የሂባ የጌም ማሽን ከቴሌቪዥኑ ሥር ሲያቃስት ሲያቃስት ቆየና አንድ ሽታ ለቀቀ። የሚቃጠል ነገር ሽታ አይደለም፤ የሞቀ ፕላስቲክና የቆየ አቧራ ሲደባለቁ የሚሰጡት፣ ትንሽ የሚጥም፣ ትንሽ የሚያስነጥስ ሽታ ነው። ሩዝ እያጠብኩ ነበር። እጄን ሳልጠርግ ሮጬ መጥቼ ሶኬቱን ነቀልኩ፤ ከዚያ መነሳቱን ትቼ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጢጥ እንዳልኩ አፍንጫዬን ወደ ማሽኑ አስጠጋሁ። ሂባ "ማማ፣ ምን ሆነሽ ነው?" ብላ ስትስቅብኝ፣ አርባ ዓመት ያለፋት ነርስ ጌም ስታሸት መገኘቷ አሳፈረኝና ምንም አልሆንኩም አልኳት። ውሸቴን ነው። ወንድሜ ጀማል ትዝ ብሎኝ ነበር።

ሂባ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጌም የምትገዛው ሶፋ ላይ ተጋድማ ነው። አንድ ነገር ሲያምራት የኔ ድርሻ ስልኬ ላይ የመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር መንገር ብቻ ነው፤ ሻይዬ ሳይበርድ "ኻላስ፣ ገባ" ትለኛለች። ከየት በኩል እንደገባ አላህ ይወቀው፤ ካርቶን የለው፣ ሽፋን የለው፣ በእጅ የሚያዝ ነገር የለው። ሲሰለቻት ታጠፋዋለች፣ ሲናፍቃት መልሳ ታወርደዋለች፣ ያቆመችበት ቦታ ሳይቀር ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። አንድ ቀን የሁለት ወር ልፋቷን በስህተት አጠፋችው ብዬ ልቤ ቀጥ ሊል ሲደርስ፣ እሷ እቴ፣ "ማፊ ሙሽኪላ ማማ፣ ላይ ተቀምጧል" አለችኝ፣ ችግር የለም ማለቷ ነው። ላይ! የት ላይ ብዬ አልጠየቅኳትም፤ በዚያች ቅጽበት በገዛ ልጄ ቀናሁባት።

እኛ ያደግነው እዚሁ ሙስካት፣ ዋዲ ከቢር ውስጥ ነው። አባቴ የደሴ ልጅ፣ የከባድ መኪና መካኒክ ነበር፤ ቤታችን ከጋራዡ በላይ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ ከታች መዶሻ ሲመታ፣ የግድግዳው ሰዓት እንኳ በመዶሻው ልክ የሚሄድ ይመስለን ነበር። የኛን የጌም ማሽን አባዬ ያገኘው መኪናውን ካደሰለት አንድ ደንበኛ ነው፤ ሰውዬው ለልጆቹ አዲስ ስለገዛላቸው አሮጌውን በዘይት ጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠው። እናቴ አንድ ሳምንት ሙሉ "ይሄ ነገር ዓይናችሁን ያጠፋዋል" ስትል ከረመችና በሁለተኛው ሳምንት አጠገባችን ቁጭ ብላ "ዝለል! ዝለል እንጂ አንተ!" እያለች ጀማል ላይ መጮህ ጀመረች።

ጌም መግዛት ያን ጊዜ መግዛት አይባልም፤ መለወጥ ነው። ከኛ ሰፈር በእግር አሥር ደቂቃ የምትሆን፣ ሐኒፋ የሚባል የሕንድ ኬረላ ሰው የሚነግድባት ጠባብ ሱቅ ነበረች። ያለህን የጌም ካሴት ትሰጠዋለህ፣ ጥቂት የባይሳ ሳንቲም ትጨምራለህ፣ ሌላ ካሴት ይዘህ ትወጣለህ። ሐኒፋ ካሴቱን ይቀበልና በጥጥ ላይ ስፒሪት አድርጎ የካሴቱን የብረት ጥርሶች ይወለውላል፣ እፍ ይልበታል፣ ከጠረጴዛው ሥር ባለችው ትንሽ ቴሌቪዥን ይሞክረዋል፤ ምስሉ ሲመጣ "ሸግ-ጋል!" ይላል፣ ይሠራል ማለቱ ነው። አዲስ የታሸገ ካሴት በመስታወቱ ውስጥ ተሰልፎ ያየናል፣ እኛም እናየዋለን፤ በዚያው እንለያያለን። አንዱን ለማግኘት ሌላውን ማጣት የግድ መሆኑን ስለለመድነው፣ ማልቀስ እንኳ አያምረንም ነበር።

የዚህ ልውውጥ ጉዱ ግን ሌላ ነው። የተደረሰበት ሴቭ የሚደረገው እዚያው ካሴቱ ውስጥ ስለነበር፣ የተለወጠ ካሴት ስትከፍት የማታውቀው ልጅ ስም ይጠብቅሃል፤ እስከየት እንደደረሰ፣ ስንት ሰዓት እንደተጫወተ ሁሉ ተጽፏል። ጀማል በዚህ ላይ ሕግ ነበረው፦ የፊተኛውን ባለቤት ሳናልፈው ስሙን አናጠፋም። "ልጁ ለፍቶበታል፤ ነውር ነው" ይለኛል፣ የመስጊድ ጫማ የደባለቅኩ ያህል ኮስተር ብሎ። በስድስት ዓመት ይበልጠኝ ነበር፤ እና ሲኮሳተር አባዬን ቁጭ ነው።

አንድ ረመዳን ሊገባ ሲል ሐኒፋ ሽፋኑ የተላጠ የጃፓን ካሴት ሰጠን። ጽሑፉ አንድም አይነበብም። ጨዋታው ካባ የለበሰ ልጅ በጀልባ ከደሴት ደሴት እየዞረ የሚሄድበት ስለነበር ስሙን ራሳችን "መንገደኛው" አልነው። የሁለት ሰው ስም ብቻ ነበር የሚይዘው፤ በአንዱ ላይ ሐመድ የሚል ተጽፏል። ባዶውን ጀማል ወሰደና ያን ሐመድን ማሳደድ ጀመርን። ቋንቋውን ስለማናውቅ የኔ ሥራ በደብተር ካርታ መሳል ነበር፦ የት በር እንዳለ፣ የትኛው ሽማግሌ ምን እንደሚሰጥ። ጀማል ይጫወታል፣ እኔ እስላለሁ፣ እማዬ ለማፍጠሪያ ሳምቡሳ ትጠቀልላለች፤ መንገደኛው ሲሞት ሦስታችንም አንድ ላይ "ውይ!" እንላለን። ሐመድን ያለፍነው ሦስተኛው ደሴት ላይ ነው። ያን ዕለት ጀማል የሐመድን ስም አጠፋና በቦታው የኔን ጻፈልኝ፤ እኔም ዋዲ ከቢርን በሙሉ የገዛሁ ያህል ተኮፈስኩ።

ከዚያ ጀማል አደገ። በአባቴ የመኖሪያ ፈቃድ መቆየት የማይችልበት ዕድሜ ደረሰና ደሴ፣ አጎታችን ቤት ሆኖ ኮሌጅ እንዲማር ተወሰነ። ለእኔ ማን ነገረኝ? ሻንጣው ሳሎን ሲቆም ነው ያወቅኩት። አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነበር፤ አኮረፍኩ፣ ያውም የምሬን። ሲሄድ ጸጉሬን እያሻሸ "መንገደኛውን እንዳትለውጪው እሺ? አምስተኛው ደሴት ላይ ነኝ፣ ስመጣ እጨርሰዋለሁ" አለኝ። አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ እንኳ አልሸኘሁትም፤ ሆዴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ።

በሦስተኛው ቀን ካሴቱን ከማሽኑ መንጭቄ አወጣሁና ወደ ሐኒፋ ሄድኩ። ለምን እንደሆነ ብዙ ዓመት ራሴን ጠይቄዋለሁ። ሌላ ካሴት ስላልነበረን ነው ልል እችላለሁ፤ እውነቱ ግን እሱን ላሳምመው ፈልጌ ነው። ጥሎኝ ሄደ፣ እኔም የሱን ነገር ጣልኩ። ሐኒፋ በጥጡ እየወለወለ "ባባሽ ያውቃል?" አለኝ፤ አዎ አልኩት። የመኪና እሽቅድምድም ይዤ ተመለስኩ። በአራተኛው ቀን መኪናው እዚያው ክብ መንገድ ላይ ሲዞር ሲዞር ማሽኑን አጥፍቼ ወደ ሱቁ ሮጥኩ፤ መንገደኛው ተወስዷል። ማን ወሰደው? አባቱ በመኪና ያመጣው ልጅ፣ ምናልባት ከአል ሀይል ሰፈር። ሐኒፋ እንባዬን ሲያይ ደንግጦ "ኢንሻአላህ ይመለሳል፣ ከዚህ ሱቅ የወጣ ሁሉ ይመለሳል" አለኝ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እየሄድኩ መደርደሪያውን አንድ በአንድ እዳብስ ነበር። አልተመለሰም።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ አባዬ የስልክ ካርድ እየፋቀ ደሴ ይደውላል፤ አባዬ ያወራል፣ እማዬ ታለቅሳለች፣ መጨረሻ ላይ ለእኔ ሁለት ደቂቃ ትተርፋለች። ጀማል፣ እኔ ጀሚ ነበር የምለው፣ መጀመሪያ የጠየቀኝ ነገር "መንገደኛው አለ?" ነው። "ወላሂ አለ" አልኩት። ወላሂ! በአላህ ስም ዋሸሁ፣ ያውም ገና ከሶላት መነሳቴ ነበር። እሱም "እንግዲያው በኔ ስም ቀጥይልኝ፣ የደረስሽበትን ትነግሪኛለሽ" አለኝ።

ምን ላድርግ? ቀጠልኩለት፤ ከጭንቅላቴ። በየሳምንቱ አንድ ደሴት እፈጥራለሁ። ደብተሬ ላይ ካርታውን እስልና እያየሁ አወራለታለሁ፤ ፍየሎች ዛፍ ላይ ወጥተው መንገድ የከለከሉበት ደሴት፣ ዋዲው፣ ደረቁ ወንዝ፣ በድንገት ሞልቶ መንገደኛው ሰማያዊ የውሃ ቦቴ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የዳነበት፣ ጢሙ እስከ ጉልበቱ የደረሰ ሽማግሌ ቀርቅሃ ካላመጣህልኝ ብሎ ያስቸገረበት። ጀሚ ከልቡ ይስቃል፤ "እንዲህ ብታደርጊስ?" እያለ ምክር ይሰጠኛል፣ እኔም በሚቀጥለው ሳምንት ምክሩ እንደሠራ እነግረዋለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ስለዚያች ሁለት ደቂቃ ነበር የምኖረው። ከውሸቴ ጋር ተለማመድን፤ እንዲያውም አንዳንዴ ካሴቱ የምር እቤት ያለ ይመስለኝ ነበር።

በዓመቱ ጀሚ ታመመ። ዛሬ ነርስ ነኝና የጉበቱን ሕመም ስሙንም ሂደቱንም አውቀዋለሁ፤ ያኔ ግን "ትንሽ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል" ከመባል በቀር የተነገረኝ የለም። ድምፁ ቀጥኖ ነበር። መንገደኛውን የመጨረሻው ደሴት፣ አንድ ትልቅ የተዘጋ በር ፊት አድርሼው ነበር። "ከበሩ ወዲያ ምን አለ?" አለኝ። "ስትመጣ አብረን እንከፍተዋለን" አልኩት። "አሁን ንገሪኝ፣ ሰሚራ" አለኝ። እምቢ አልኩ። መጨረሻውን ከነገርኩት የማይመጣ መሰለኝ፤ ደግሞ ትክክለኛው መጨረሻ ሌላ ቢሆንና አንድ ቀን ቢያውቅብኝስ ብዬ ፈራሁ። ካርዱ አለቀ። በሚቀጥለው ጁምዓ አባዬ አልደወለም፤ የተደወለው ወደ እኛ ነበር። አላህ ይርሀመው።

ከዚያ ወዲያ ዘመኑ እየሮጠ ሄደ። ካሴት ቀረና ሲዲ መጣ፤ ሴቩ ከጨዋታው ተለይቶ በትንሽ ሚሞሪ ካርድ ባለቤቱ ኪስ ውስጥ ገባ፣ ሲዲ ስትለውጥ የማንም ስም አይከተልህም። ቀጥሎ ሰው በየትልልቁ የገበያ ሞል የታሸገውን መግዛት ለመደ፤ ሐኒፋ ሱቁን ወደ ስልክ ሽፋን መሸጫ ለወጠና ኋላም አገሩ ገባ። አሁን ደግሞ ይኸው፣ ሂባና ሶፋዋ። የሚጠፋ ነገር የለም፤ ሌላ ልጅ ጋ የሚደርስም የለም። ወንድሜ የዛሬ ልጅ ቢሆን ስሙ አምስተኛው ደሴት ላይ እንደተቀመጠ ይቀር ነበር፣ እኔም ተናድጄ ባጠፋው እንኳ ሲቆጨኝ እመልሰው ነበር። የልጅ ንዴት ያን ያህል ውድ መሆን አልነበረበትም።

ይህን ሁሉ ችዬ እኖር ነበር፤ የዛሬ ሁለት ዓመት ዒድ ላይ ሰይድ የሚባል መሐንዲስ ባላገኝ። በኮንትራት የመጣ የደሴ ሰው ነው፣ ጓደኞቻችን ቤት አንድ ትሪ ላይ ተቀመጥን። የማን ልጅ እንደሆንኩ ሲሰማ ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠና "የጀማል እህት? ካርታ የምትስለዋ?" አለኝ። ኮሌጅ እሱና ጀሚ አንድ ወንበር ላይ ነበር የሚቀመጡት። ጀሚ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ እኔ የነገርኩትን ደሴት ለጓደኞቹ ያወራላቸው ነበር፤ ፍየሎቹን፣ ሽማግሌውን፣ ሁሉንም። ሰይድ ሳቅ አለና "'እህቴ ካሴቱን ለውጣዋለች፤ እንደማውቅ እንዳትነግሯት፣ እንዳታቆምብኝ' ይለን ነበር" አለኝ። እንዴት አወቀ ስለው፣ "'የጃፓን ጌም ውስጥ የሙስካት የውሃ ቦቴ ምን ይሠራል?' እያለ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር" አለኝ።

ተነስቼ ወጥ ቤት ገባሁና ቧንቧውን ከፍቼ እስኪበቃኝ አለቀስኩ። የቤቱ ባለቤት መጥታ ጀርባዬን አሻሸችኝ። ጀሚ ያውቅ ነበር። "አሁን ንገሪኝ" ሲለኝ፣ ካሴቱ እንደሌለኝ፣ ትክክለኛውን መጨረሻም እንደማላውቅ እያወቀ ነው የጠየቀኝ። አፌ ላይ የመጣውን ማንኛውንም ነገር ብነግረው ይበቃው ነበር። በሩ ተከፈተ፣ መንገደኛው ገባ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ቤተሰቡ ማዕድ አቅርቦ እየጠበቀው ነበር ብዬ ብነግረው ይበቃው ነበር። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ነበረኝ። እኔ ግን "ስትመጣ" አልኩት።