ያልተራገፈው

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ሰሊጥ ታጭዶ ነዶው ቆሞ የሚደርቅበት ወራት ነበር። አብርሃ ጅራ አጠገብ ያለ እርሻ ላይ ጥበቃ ነበርኩ።

ቀትር ላይ እዚያ አገር ጥላ የሚባል ነገር የለም። ነዶዎቹን በዙሪያዬ አቆምኩና መሐላቸው ገብቼ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ ተኛሁ።

የነቃሁት እግሬ ወደ ላይ ሲሄድ ነው። ሰሊጥ ሲደርቅ ነዶውን ሸራ ላይ ዘቅዝቀው በዱላ መታ መታ ያደርጉታል፤ ፍሬው ይረግፋል። አንድ ጎጃሜ ሠራተኛ ፊቱን ለአቧራው በሻሽ ጠቅልሎ፣ ሳያይ፣ እኔን ዘቅዝቆኛል። እንዳሁኑ ቀጭን ነበርኩ። ጀርባዬን ሁለቴ መታኝ። መፋቂያዬ ከኪሴ ወደቀች።

«ይኼስ ፍሬ የለውም» አለ።

«ልጄ፣ ሰው ነኝ» አልኩት።

የሠራተኞቹ አለቃ ካቦው ከወዲያ ሆኖ ዞር ሳይል፣ «ያልተራገፈ ካለ ወደ ጎን አድርጉት» አለ። ወደ ጎን አደረጉኝ። ከዚያ ወዲህ ስሜ «ያልተራገፈው» ሆነ።

ስሙ ከእኔ ቀድሞ ቤቴ ያለበት መተማ ዮሐንስ ገባ። እዚያ ሌላ ታሪክ ለበሰ፦ ከሱዳን ወርቅ ሲያሻግር ፈታሾች ቢያራግፉት ወርቁ ያልረገፈ ሰው ነው ተባለ። ሳቅኩና ተውኩት። በኋላ ለወንድ ልጄ ሽማግሌ ብልክ፣ የልጅቷ አባት፣ ሸቀጥ ነጋዴ ናቸው፣ «ከኮንትሮባንድ ቤት ልጄን አልሰጥም» ብለው መለሷቸው። ልጄ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም።

ራሴ ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«እንዲያው ወርቁ ይሻልዎ ነበር፣ አባቴ» አሉኝ። «ሰውን ከሰሊጥ የማይለይ ማን አለ?»

ያ የዘቀዘቀኝ ጎጃሜ ገለጉ ከተማ እንደሚሠራ ሰምቼ በጭነት መኪና ሄድኩ። ሲያየኝ መጀመሪያ የጠየቀኝ፣ «ጀርባዎ ዳነ ወይ፣ አባ?» ብሎ ነው። ሥራውን ጥሎ ወደ ነጋዴው ቤት ተከተለኝ።

«የዘቀዘቅኋቸው እኔ ነኝ» አላቸው ለነጋዴው።

«እንዴት አድርገህ?»

ግቢው መሐል፣ አብረውን የመጡት ሽማግሌዎች እያዩ፣ እግሬን ይዞ ዘቀዘቀኝ። መፋቂያዬ ዳግም ወደቀች። ነጋዴው ጎንበስ ብለው መሬቱን በደንብ አዩት፤ መፋቂያዋን አንሥተው ሰጡኝ።

«ወርቅ የለም» አሉ። «በሉ ቀን ቁረጡ።»

እኔ ገና እንደተዘቀዘቅኩ ነበርኩ።

ዛሬ የልጅ ልጆቼ ሳይቀሩ ያልተራገፈው ይሉኛል። ልጄን የዳሩልኝ ሽማግሌዎቹ አይደሉም፤ ያ ሁለት ጊዜ እግሬን የያዘው ጎጃሜ ነው።