አሌክሳንድሪያ ላይ ደጅ ጥናት

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ፣ እኔም ገና ጸጉር በነበረኝ ዘመን ነው። ዛሬም ድረስ አንድ የአውሮፓ መንግሥት ፈረሰ የሚል ዜና በሰማሁ ቁጥር ወገቤ ሳላዘው ጎንበስ ይላል። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ያኔ የምኖረው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ነበር። የምሠራው ደግሞ ወንዙን ተሻግሬ አሌክሳንድሪያ፣ አንድ ትልቅ አፓርትመንት ሥር ባለ ፓርኪንግ ውስጥ። የሰው መኪና አስገባለሁ፣ አስወጣለሁ። የራሴ መኪና ስላልነበረኝ በባቡርና በአውቶቡስ ተንገላትቼ ደርሼ ነው የሌላውን ሰው ወንበር የማሞቀው።

ባለቤቴ ወይንሸት አብራኝ አልነበረችም። ከአገር ስንወጣ መንገድ ለያየንና እሷ ሰሜን አውሮፓ ካሉት ትንንሽ አገሮች በአንዱ ቀረች። አሜሪካኖቹ ትምጣ ብለዋል። የዚያኛው አገር የስደተኞች ቢሮ ግን የጉዞ ሰነዱን አልሰጥ ብሎ ዛሬ ነገ ይላታል። ስልክ በደወልኩ ቁጥር "አንተ ሰው፣ ይሄ በረዶ ሳልሞት ሊቀብረኝ ነው" ትለኛለች። እኔም አይዞሽ ከማለት በቀር የማደርገው አልነበረኝም።

አንድ ቀን የሕንጻው ማኔጀር፣ ላይኛው ፎቅ ስለገቡት ረጅም ሽማግሌ ፈረንጅ አወራኝ። ፀሐይም ቢሆን ጃንጥላ ከእጃቸው አይለይም። ሚኒስትር ነበሩ አለኝ። የት አገር ብዬ ብጠይቀው ወይንሸት ያለችበትን አገር ጠራ። የያዝኩት የሰው ቁልፍ ከእጄ ወደቀ።

ከሥራ ስገባ ለጋሽ ሽፈራው ነገርኳቸው። ጋሽ ሽፈራው ቤት የምንጋራ፣ በጃንሆይ ጊዜ በርስት ክርክር ለዓመታት ደጅ የጠኑ ሰው ናቸው።

"ጉዳይህን እንዳታወጣ" አሉኝ። "ትልቅ ሰው በመጀመሪያው ቀን አይለመንም። በጠዋት ትቆማለህ፣ እጅ ትነሳለህ፣ ሲሄዱ ታጅባለህ። መልክህን ሲለምዱት ራሳቸው 'ይህ ሰው ጉዳዩ ምንድን ነው?' ይላሉ። ያን ጊዜ ትናገራለህ።"

"ርስቱን ታዲያ አገኙት?" ብላቸው፣ "እሱ ሌላ ነገር ነው" ብለው ወሬ ቀየሩ።

ጋሽ ሽፈራው ጋዜጣ ሲያገላብጡ መዋል ስለሚወዱ የሰውየውን የሥራ ታሪክ ከቤተ መጻሕፍት ለቃቅመው አመጡልኝ። የመሃል ፓርቲ ሰው ናቸው። ፓርቲያቸው ትንሽ ነው፣ ነገር ግን ግራውም ቀኙም ያለ እሱ ድጋፍ መንግሥት ማቆም አይሆንለትም። ስለዚህ ሰውየው ከግራው ጋር የትራንስፖርት ሚኒስትር ሆኑ፣ ከቀኙ ጋር የዓሣ ሀብት፣ ተመልሰው ደግሞ ከግራው ጋር የባህል። መንግሥት ሲወድቅ አብረው ይወድቃሉ። አዲስ ሲቆም አቧራቸውን አራግፈው ይገባሉ። የመጨረሻው ሲፈርስ ግን የምክር ቤት ወንበራቸውንም በምርጫ አጡና አንድ ተቋም ውስጥ ሊያስተምሩ ዋሽንግተን መጡ።

"መሃል ሰፋሪ ናቸው በለኛ" አሉ ጋሽ ሽፈራው እየተደነቁ። "እኛን በዚህ ስም ቀበሌ ስብሰባ ላይ ሲያስለፈልፉን፣ ለካ እዚያ ሚኒስትር ያደርጋል።"

በማግስቱ ጀመርኩ። አሳንሰሩ ተከፍቶ ብቅ ሲሉ ከወንበሬ ብድግ፣ ኮፍያዬን አውልቄ እስከ ጉልበቴ ጎንበስ። የመጀመሪያ ቀን ሰላምታው ለሌላ ሰው መስሏቸው ወደ ኋላ ዞረው አዩ። ከኋላቸው ግድግዳ ብቻ ነበር።

ያቺን ትንሽ መኪናቸውን በየጠዋቱ ማጠብ ያዝኩ። ዝናብ ሲጥል ጃንጥላቸውን ልይዝላቸው ብል እሳቸው አልለቅም አሉ፣ እኔም አልለቅም አልኩ፣ ሁለታችንም ረጠብን። ኦፍ በምሆንበት ቀን ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ክራቫቴን አስሬ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ መጥቼ በራቸው ላይ እቆማለሁ። በእግራቸው ሲወጡ ጥቂት ወደ ኋላ ቀረት ብዬ አጅባቸዋለሁ። ፈጠን ሲሉ ፈጠን እላለሁ። መንገድ ሲሻገሩ እሻገራለሁ። አንድ ቀን ፋርማሲ ገቡና እስኪወጡ እጄን አጣምሬ ደጁ ላይ ጠበቅሁ። ለካ በጓሮ በር ወጥተዋል።

ይህን ለጋሽ ሽፈራው ስነግራቸው ደስ አላቸው። "ጥሩ ነው። መልክህን ለይተውታል ማለት ነው" አሉ።

ለይተውታል። አንድ ጠዋት አሳንሰሩ ሲከፈት ከፖሊስ ጋር ወረዱ።

ሥራዬን ካጣሁ የወይንሸት ነገር በዚህም በኩል አለቀለት። አሜሪካኖቹ የፈቀዱላት ደመወዝ ያለው ባል አላት ብለው ነው። ከመደንገጤ የተነሣ ለፖሊሱም እጅ ነሳሁ። እሱም እጁን ወደ ቀበቶው ሰድዶ አንድ እርምጃ ሸሸ።

"ማን ነው የላከህ?" አሉ ሚኒስትሩ፣ ጃንጥላቸውን እንደ ጋሻ ይዘው። "ግራው ነው ቀኙ?"

"ማንም አልላከኝ ጌታዬ።"

"ታዲያ ጉዳይህ ምንድን ነው?"

ጋሽ ሽፈራው ያሉኝ ሰዓት ደረሰ። ስንት ቀን ያጠናሁት እንግሊዝኛ ግን ከአፌ ጠፋ። የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ሚስቴ እርስዎ ጋ ናት" አልኩ።

ፖሊሱ ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ሚኒስትሩ አዞረ።

ያን እንዳየሁ እንግሊዝኛዬ ተመለሰ። ስለ ወይንሸት፣ ስለ ቢሮው፣ ስለ በረዶው፣ እኛ አገር ትልቅ ሰው እንዴት እንደሚለመን ሁሉንም ዘረገፍኩት። ስጨርስ ፖሊሱ ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። ሚኒስትሩ የእኔው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ፤ እኔም እንደ ልማዴ ቆምኩ። "በፖለቲካ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ስገባ ብድግ ያለልኝ ሰው አልነበረም" አሉኝ። መጀመሪያ የማሾፍባቸው፣ ከዚያ የምሰልላቸው፣ በመጨረሻ የምገድላቸው መስሏቸው ነበር። ለምን በመጀመሪያው ቀን አልነገርከኝም ቢሉኝ፣ ነውር ነው አልኳቸው።

ከዚያ ዜናውን ነገሩኝ። አገራቸው አዲስ መንግሥት ሊቆም ነው። ግራና ቀኙ እንደ ልማዳቸው መሃሉን አስታውሰዋል። ከሰኞ ጀምሮ እንደገና ሚኒስትር ናቸው።

እግራቸው ላይ ልወድቅ ቃጣኝ። እሳቸው ግን እጃቸውን አነሡ።

"ሚኒስትር ከሆንኩ አንዲት ቃል ልናገርልህ አልችልም። እኛ አገር ሚኒስትር ለሚያውቀው ሰው ስልክ ካነሣ በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ ሳምንቱ ሳያልቅ ይወርዳል።"

ከልቤ ገረመኝ። "ለሚያውቁት ሰው ካልሆነ ሚኒስትርነት ምን ያደርጋል?" አልኳቸው።

"ይህን ለራሴም መልሼው አላውቅም" አሉ። ከዚያ ብድግ ብለው ጃንጥላቸውን ያዙ። "እስከ ሰኞ ግን ማንም አይደለሁም። ማንም ያልሆነ ሰው ወረፋ መያዝ አይከለከልም። የሚስትህ ስም ማን ነው?"

ነገርኳቸው። በማግስቱ ሄዱ፤ ሻንጣቸውን የጫንኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ዝም ሆነ። ጋሽ ሽፈራው እንኳ ምክራቸውን ተጠራጥረው ሊያጽናኑኝ ሲሞክሩ ነው ወይንሸት የደወለችው። እያለቀሰች ነው ስል ለካ እየሳቀች ነው።

ቢሮው ውስጥ ከስደተኛው ጋር ተኮልኩላ ስትጠብቅ አንድ ረጅም ሽማግሌ ጃንጥላ ይዘው ገቡ። ወይንሸት ማን ናት ብለው ጠየቁ። እኔ ነኝ ስትላቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እስከ ጉልበታቸው ጎንበስ አሉላት። ያበዱ መስሏት ቦርሳዋን አቀፈች። እሳቸው ግን እንደማንኛውም ሰው የወረፋ ቁጥር ወስደው ጎኗ ቁጭ አሉና ስለ እኔ መኪና አስተጣጠብ ሲያጫውቷት ቆዩ።

ተራው ደርሶ መስኮቱ ጋ ሲቀርቡ ጸሐፊው አወቃቸው። "ክቡርነትዎ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?" አለ።

"ምንም። እሷን እያጀብኩ ነው" አሉት። ለእሱም እጅ ነሱ።

ስለ ሰነዱ ትንፍሽ አላሉም። ወይንሸት ጉዳይዋን ስትናገር ከኋላዋ ጥቂት ቀረት ብለው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ዝም ብለው ቆሙ። ጸሐፊው መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ አላበው፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ገባ። ሲመለስ ሰነዱ ማኅተም ተመትቶበት ነበር።

ያ መንግሥት ብዙ አልቆየም፤ ፈረሰ። እሳቸውም አብረው ወደቁ፤ በኋላም ተነሡ ሲባል ሰማሁ። ጋሽ ሽፈራው እስኪሞቱ ድረስ ነገሩን ያሳካው ምክራቸው እንደሆነ ይምሉ ነበር፤ እኔም አልተከራከርኳቸውም። ሰውየውን በየመንገዱ ማሳደዴን ሳስብ አሁንም ጆሮዬ ይግላል። ግን ደግሞ ያን ያህል ባላሳድዳቸው ሥራውን ከማን ይማሩት ነበር እላለሁ።

ዛሬ ዜናው ሲመጣ ከሶፋው ላይ ጎንበስ ማለቴን ወይንሸት ታያለች። "ተወው እባክህ" ትለኛለች። "እሳቸው ላይ ነው የሚያምረው።"