ሳራባንዱ በሦስት ምት

መተማ ዮሐንስ ላይ የታሰርኩበት ክፍል ቀድሞ የሰሊጥ መጋዘን ነበር። ቆርቆሮው ከረፋድ ጀምሮ ይግላል። በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የቀረው ሰሊጥ ስንተኛበት እየተደፈጠጠ ዘይቱ ልብሳችንን ይነክራል። አብረውኝ የነበሩት አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ናቸው፤ ከድንበሩ ማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት ስኳር አሻግረዋል ተብለው ነው የገቡት።

የእኔ ወንጀል ቃል የሌለው ሙዚቃ ነው። በወረዳው የኪነት ቡድን ውስጥ አኮርዲዮን እጫወት ነበር። የባሮክ ዘመን የሚባሉትን የድሮ የአውሮፓ ዳንሶች በአጭር ሞገድ ሬዲዮ እየሰማሁ አካሄዳቸውን ለየሁና በእኛው ቅኝቶች አራት ዳንስ ያለው ስዊት ደረስኩ፦ አለማንድ፣ ኩራንት፣ ሳራባንድ፣ ጂግ። ቡድኑን የሚቆጣጠረው ካድሬ ልምምድ ላይ ሰማኝ። ከዚያው ከመድረኩ ወሰዱኝ።

"አለማንድ ምንድን ነው?" አለኝ ምርመራው ላይ።

"የጀርመን ዳንስ ማለት ነው።"

"የምሥራቅ ነው የምዕራብ?"

"ያኔ አልተከፈለችም ነበር፣ ጓድ።"

"ማን ነበር የሚጨፍረው?"

"መሳፍንቱ።"

"ይኸው፣ በራስህ አንደበት አመንክ" አለና ትልቅ ሴራ እንዳጋለጠ ሰው ወንበሩ ላይ ተደላደለ።

ቃል የሌለው ዜማ ምን እንደደበቀ አይታወቅም አለ። ስለዚህ እሱ ራሱ ለሳራባንዱ ግጥም ጽፎለታል። ዜማውን ለአብዮት በዓሉ ሰልፍ እንዲሆን ካስተካከልኩት ወደ ቤቴ፣ ካልሆነ ወደ ጎንደር። ከመተማ ወደ ጎንደር ተጭኖ የተመለሰ እስረኛ እስከዚያ ቀን አላየንም።

ለሽማግሌው ነገርኳቸው።

"ግጥሙ ምን ይላል?"

"ትራክተር አለበት፣ ሐጂ። ከዚያ ይውደም፣ ይውደም ይላል።"

"ወላሂ፣ ትራክተሩስ ደህና ነው።" ሳቁ። ሳቃቸው ቶሎ አለቀ። "ልጄ፣ የሚለውን አድርግለትና ውጣ። ዜማው ምን ይሆናል?"

"ሰልፍ ግራ ቀኝ ነው። ይኼ ሦስት ምት ነው፤ ሁለተኛው ላይ ረገጥ አድርጎ ያርፋል። ለሰልፍ ካደረግሁት ይሞታል።"

"አንተስ?"

ጉልበቴ ላይ በጣቴ ሦስቱን ምት መታሁላቸው።

በማግስቱ ጠዋት ግቢው መሐል አኮርዲዮኔን አመጡልኝ። ካድሬው ግጥሙን እየዘመረ ባለበት ይረግጥ ጀመር። እኔ በሦስት ምት ቀጠልኩ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ እግሩ ተምታታበት፣ አፉም ከእግሩ ተለያየ። አንድ ጎጃሜ ጠባቂ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

"አንዱን ምት አውጣው" አለኝ ካድሬው።

"ካወጡት ሳራባንድ አይሆንም።"

"ለመሳፍንት ጭፈራ ነው ጎንደር የምትሄደው?"

"መሳፍንቱ አልሠሩትም። እኔ ነኝ የሠራሁት።"

ካቆምኩበት አልቀጠልኩም። ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ የሚደገመውን ደግሜ፣ እስከ መጨረሻው ተጫወትኩ። ካድሬው እንዴት እንደሚያስቆመኝ ሳይወስን ዜማው አለቀ። ከዚያ የአኮርዲዮኑን ሆድ አጥፌ፣ ማሰሪያዎቹን ቆልፌ ለጠባቂው ሰጠሁት።

"ፀሐይ ላይ አታስቀምጠው" አልኩት። "ውስጡ ሰም አለ፤ ይቀልጣል።"

"እሺ፣ ጋሼ" አለኝ። በዕድሜ እኩያዬ ነበር። ከሰዓት በኋላ በጭነት መኪና ወደ ጎንደር ወሰዱኝ።

እዚያ በቆየሁባቸው ዓመታት ኩራንቱ ከጣቴ ጠፋ፤ ከጂጉም የቀረኝ ግማሹ ነው። ሳራባንዱን ግን ሰው ሲጠይቀኝ እጫወታለሁ። አንዳንዶቹ ዛሬም ግጥም ቢኖረው ይሻል ነበር ይሉኛል። አልከራከራቸውም። ከመጀመሪያው ጀምሬ እደግምላቸዋለሁ።